ታሪካዊ የመንግሥት ሕንፃ ሲወድም፦ እንደነበረ መመለስ፣ ቅርፊቱን ማትረፍ፣ ጠባሳውን ማሳየት ወይስ ጠርጎ አዲስ መሥራት?

በግንቦት 1871 በፓሪስ ኮሚዩን (ከተማዋን ለሁለት ወር ገደማ በያዘው የሕዝብ ዓመፅ) የመጨረሻ ሳምንት ሁለት ትልልቅ የመንግሥት ሕንፃዎች በአንድ ቀን ልዩነት ተቃጠሉ (እዚህ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንዱ የነገሥታቱ መኖሪያ የነበረው የቱይለሪ ቤተ መንግሥት፣ ሌላው የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ነው። ከሁለቱም የተረፈው ጣሪያ የሌለው ግድግዳ ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ በ1874 ተጀምሮ በ1882 አለቀ፤ ከውጭ የ16ኛው ክፍለ ዘመን መልኩን ያዘ፣ ውስጡ ግን አዲስ ሆነ። ቱይለሪ ደግሞ ፍርስራሹ 12 ዓመት ቆሞ ሲያከራክር ከረመና በ1883 ተጠርጎ ጠፋ። ድንጋዩ ለገዢ ተሸጠ፤ ከፊሉ ባሕር ተሻግሮ ኮርሲካ ደሴት ላይ የአንድ መኳንንት ቤተሰብ ግንብ ተሠራበት።

እሳቱ አንድ፣ ከተማው አንድ፣ ሳምንቱም አንድ ነው። እጣቸውን የለየው፣ እኔ እንደማየው፣ ሥራ ነው። ማዘጋጃ ቤቱን የልደትና የጋብቻ መዝገብ የሚያጽፈው ሰው በማግሥቱም ይፈልገዋል። የቱይለሪ ባለቤት ግን ሄዷል፤ አዲሱ ሪፐብሊክም የንጉሥ ቤት መልሶ የሚሠራበት ምክንያት አልታየውም። የቆመው ግድግዳ ይጠገናል የሚሉ ባለሙያዎች ቢኖሩም የሚሟገትለት መሥሪያ ቤት አልነበረም።

እንዲህ ያለ ውሳኔ ላይ በኮሚቴ አባልነት፣ በባለሙያነት ወይም በሕዝብ ውይይት ላይ ድምፅ ለመስጠት የሚቀመጥ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቀርብለት ሁለት ሥዕል ነው፤ አንዱ ያማረ አሮጌ፣ ሌላው ያማረ አዲስ። በሥዕል መምረጥ ያሳስታል። እኔ ምርጫዎቹን የማነጻጽረው በሁለት ጥያቄ ነው፦ ሕንፃው ነገ ምን ይሠራል? ደግሞስ ተሳስተን ቢሆን መመለስ እንችላለን? ውበት ከእነዚህ በኋላ ይምጣ።

እንደነበረ መመለስ

ለዚህ መንገድ ከዋርሶው የንጉሥ ቤተ መንግሥት የተሻለ ማስረጃ የለም። የፖላንድ ነገሥታት መቀመጫና የፓርላማ መሰብሰቢያ የነበረው ይህ ሕንፃ በመስከረም 1939 በጀርመን ድብደባ ተቃጠለ፤ በ1944 ደግሞ ግድግዳው ተሰርስሮ ፈንጂ ተቀብሮበት እንዲወድም ተደረገ። በሁለቱ ጥፋቶች መካከል ባሉት ዓመታት የሙዚየም ሠራተኞችና አርክቴክቶች ሥዕሎችን፣ የበር ክፈፎችን፣ የእንጨትና የጂብስ ቅርጾችን ቁራጭ በቁራጭ እያወጡ ደበቁ። መልሶ የመሥራት ውሳኔ የመጣው ግን በ1971 ነው። ገንዘቡ በአብዛኛው ከሕዝብ መዋጮ ተገኘ፤ በ1974 የግንቡ ሰዓት በ1939 ቆሞበት ከነበረው ደቂቃ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ከሩብ፣ ተነሥቶ መሥራት ጀመረ። ውስጡ ለጎብኚ የተከፈተው በ1984 ነው።

ይህን ታሪክ የሚጠቅሱ ሰዎች አንድ ነገር ይዘላሉ። ሕንፃው ከ27 ዓመት በኋላ ሊሠራ የቻለው በእሳቱ ሰሞን የተቆራረጠውን ሰብስቦ ያስቀመጠ ሰው ስለነበረ ነው። የተቀመጠው ቁራጭ ውሳኔውን ለሚቀጥለው ትውልድ አቆየለት። እንደነበረ ለመመለስ የሚያስፈልገው ልኬት፣ ፕላን፣ ፎቶግራፍና ዋናው ቁሳቁስ ነው፤ እነዚህ ከሌሉ የሚሠራው የፍላጎት ሥዕል ይሆናል። በ1964 የወጣው ዓለም አቀፉ የቅርስ ጥገና መመሪያ፣ የቬኒስ ቻርተርም፣ ጥገና ግምት በሚጀምርበት ቦታ መቆም አለበት ይላል። ለመመዘኛ የማውቀው ቀላሉ መንገድ ይኸው ነው፦ አርክቴክቱን «ይህን መስኮት በምን አወቅኸው?» ብሎ መጠየቅ። መልሱ «በዚያ ዘመን እንዲህ ይሠሩ ነበር» ከሆነ ግምት ተጀምሯል ማለት ነው።

ቁሳቁሱም ራሱ ይናገራል። የደብሊን ጉምሩክ ቤት በግንቦት 1921 ተቃጥሎ በ1928 ሲጠገን ጉልላቱ ከእንግሊዝ በሚመጣው ነጭ የፖርትላንድ ድንጋይ ፋንታ በአገሩ ኖራ ድንጋይ ተሠራ። አዲሱ ድንጋይ ጠቆር ያለ ነው፤ ዛሬም ከወንዙ ማዶ ቆሞ ለሚያይ የተቃጠለው የቱ እንደሆነ ቀለሙ ይነግረዋል። አንዳንዱ ይህን ስሕተት ይለዋል። እኔ ሐቀኛ ጥገና ነው እላለሁ፤ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ተስማምቶ ይቀመጣል፣ ግን አይመሳሰልበትም።

ፍጹም የተመለሰ መልክ የሚደብቀውም ነገር አለ። የቺሊ ፕሬዚዳንታዊ ቤተ መንግሥት ላ ሞኔዳ በመስከረም 11 ቀን 1973 በጦር አውሮፕላን ተደበደበ፤ ወታደራዊው መንግሥት አስጠግኖ በ1981 መልሶ ገባበት። ጉዳቱ ሲጠገን ግን በሞራንዴ ጎዳና በኩል ያለችው ትንሽ በር፣ ቁጥር 80፣ አብራ ተደፈነች። ፕሬዚዳንቶች ያለ ሥነ ሥርዓት የሚገቡባት፣ በዚያ ቀን በቤተ መንግሥቱ የሞተው ፕሬዚዳንት የሳልቫዶር አየንዴ አስከሬንም የወጣባት በር ነች። እንደገና የተከፈተችው በ2003፣ ድብደባው በደረሰ በ30ኛው ዓመት ነው። ስለዚህ «እንደነበረ» ሲባል የመቼው እንደነበረ፣ በማን ዓይን እንደነበረ ብሎ መጠየቅ ጨዋነት ማጉደል አይደለም።

ቅርፊቱን አትርፎ ውስጡን አዲስ ማድረግ

መንግሥታት በብዛት የሚመርጡት ይህን ነው፤ ምክንያቱም ጎዳናው መልኩን አያጣም፣ ቢሮዎቹም ሊፍትና የኤሌክትሪክ መስመር ያገኛሉ። የዋሺንግተኑ ዋይት ሀውስ በነሐሴ 1814 በእንግሊዝ ወታደሮች ከተቃጠለ በኋላ መጀመሪያ የሠራው ጄምስ ሆባን ራሱ ተመልሶ አደሰው፤ በ1817 ፕሬዚዳንት ሞንሮ ገባበት። የሩጫ ሥራ ነበር፤ በጡብ መሠራት የነበረበት አንዳንዱ ቦታ በእንጨት ታለፈ። ከዚያ በኋላ በየዘመኑ የውሃ ቧንቧ፣ ጋዝ፣ ኤሌክትሪክ እየተባለ ምሰሶው ሲሸነቆር ኖረ። በ1948 የፕሬዚዳንት ትሩማን ልጅ ፒያኖ እግር ወለሉን ጥሶ ገባ። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ወጥቶ የውጭ ግድግዳው ብቻ እስኪቀር ውስጡ ተራቆተ፤ የብረት አጽም ገባለት፤ በ1952 ተመልሰው ኖሩበት። ከወጣው ጡብና እንጨት ብዙው አልተመለሰም፤ ከፊሉ ለማስታወሻ ተሸጠ፣ ከፊሉ መሬት መሙያ ሆነ።

ዛሬ ጎብኚው የሚያየው ግድግዳ የ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ የሚረግጠው ወለል የ20ኛው ነው። ማጭበርበር ነው የሚል አለ። ለእኔ ግን ጥያቄው የሕንፃው ታሪክ የት ይኖራል የሚለው ነው። ታሪኩ በአደባባይ መልኩ ከሆነ ቅርፊቱን ማትረፍ ይበቃል። ታሪኩ ያለው በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ደረጃ፣ ሕግ በጸደቀበት ክፍል ከሆነ ግን ውስጡን ማውጣት ነፍሱን ማውጣት ነው።

የእንግሊዝ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት አዳራሽ እዚህ ላይ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። በግንቦት 1941 በቦምብ ሲወድም ሰፋ አድርጎ፣ ለእያንዳንዱ አባል መቀመጫ ሰጥቶ፣ እንደሌሎች ፓርላማዎች በግማሽ ክብ መሥራት ይቻል ነበር። ቸርችል በ1943 ተከራክሮ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት የሚተያዩበት አራት ማዕዘን፣ ያውም ሁሉንም አባላት የማይይዝ ጠባብ ሆኖ እንዲመለስ አደረገ። በ1950 የተከፈተው አዳራሽ ዛሬ 650 አባላት እያሉት 427 መቀመጫ ብቻ ነው ያለው። ጌጡ ከድሮው ቀለል ብሏል። የተመለሰው የአቀማመጡ ሥርዓት ነው፤ ክርክሩ የሚካሄድበት መንገድ ማለት ነው። ከቅርጻ ቅርጽ ይልቅ ይህ ዓይነቱ ነገር መትረፉ ያስደስተኛል።

ጠባሳውን እያሳዩ መቀጠል

የበርሊኑ ራይሽስታግ ብዙ መከራ ያየ ሕንፃ ነው። በ1894 ተመረቀ፣ በየካቲት 1933 ተቃጠለ፣ በ1945 የጦር ሜዳ ሆነ፣ የተጎዳው ጉልላቱ በ1954 በፈንጂ ፈረሰ። በ1960ዎቹ ሲታደስ የውስጡ ግድግዳ በአዲስ ሽፋን ተለበጠ። ከጀርመን ውህደት በኋላ የእንግሊዛዊው አርክቴክት የኖርማን ፎስተር ሠራተኞች ሽፋኑን ሲያነሡ የሶቪየት ወታደሮች በከሰልና በጠመኔ የጻፏቸው ስሞችና ስድቦች ብቅ አሉ። ከፊሉ እንዲቆይ ተደረገ፤ ዛሬ እንደራሴዎቹ በየኮሪደሩ እያዩት ያልፋሉ። በላዩ የመስታወት ጉልላት ተጨመረ፤ በ1999 ሲከፈት ሕዝቡ ጠመዝማዛውን መንገድ እየወጣ ከወኪሎቹ ራስ በላይ መቆም ቻለ። ፎስተር መጀመሪያ ያቀረበው ንድፍ ጉልላት እንዳልነበረው፣ ያስጨመሩት ፖለቲከኞቹ እንደሆኑ ማስታወስ ደግ ነው፤ ኮሚቴ ሁልጊዜ ሥራ አያበላሽም።

ይህ መንገድ ውድ ነው፣ ጎበዝ አርክቴክትም ይፈልጋል። ትልቁ ብልጫው ከሌሎቹ ያነሰ የሚያጠፋ መሆኑ ነው፦ አሮጌው አሮጌ ሆኖ፣ አዲሱም አዲስ ሆኖ ስለሚታይ የኋላ ሰው አዲሱን አንሥቶ ሌላ ሊያደርግ ይችላል። ችግሩ ጊዜ ነው። የጥፋቱ ባለቤቶች በሕይወት ሳሉ፣ ቁስሉ ሳይደርቅ፣ ጠባሳ አሳዩ ማለት ለአንዱ ወገን ክብር፣ ለሌላው ስድብ ይሆናል።

ፍርስራሹን ብቻ እንዳለ ማቆየት የዚሁ መንገድ ጠርዝ ነው። በ1945 በአቶም ቦምብ የፈራረሰው የሂሮሺማው ጉልላት፣ በ1915 የተሠራው የአውራጃው የንግድ ማሳያ አዳራሽ፣ የከተማው ምክር ቤት በ1966 እንዲቆይ ወስኖለት በ1996 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ፍርስራሽ መተው ወጪ ያቆጥባል ብሎ የሚያስብ ካለ ይህን ይወቅ፦ ሳይወድቅ እንዲቆም ከ1967 ጀምሮ በየጊዜው ተጠግኗል። ጣሪያ የሌለው ግድግዳ ዝናብ ይጠጣል፣ ሥር ይበቅልበታል፣ ብረቱ ይዝጋል። መንግሥት ሌላ የሚሠራበት ቦታ ካለውና ጥፋቱ ራሱ ከሕንፃው ታሪክ በላይ ከሆነ ብቻ የሚመረጥ ነው።

ጠርጎ አዲስ መሥራት

አንዳንዴ ምርጫ አይኖርም። በሃይቲ ዋና ከተማ የፖርቶፕረንሱ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት በጥር 2010 የመሬት መንቀጥቀጥ ከተደረመሰ በኋላ በ2012 ፍርስራሹ ተነሣ፤ ቦታው ግን ተመልሶ አልተሠራበትም። ከዚህ የምወስደው ማሳሰቢያ አንድ ነው፦ የማፍረሻ በጀት ከመሥሪያ በጀት ቀድሞ ይገኛል፤ ሁለተኛው ሳይያዝ የመጀመሪያውን መፈረም ባዶ ሜዳ መግዛት ሊሆን ይችላል።

ሆን ብሎ ማፍረስም አለ። ጃፓኖች በ1926 በሴኡል ከጥንቱ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ያቆሙት የጠቅላይ ገዥው ሕንፃ ከነጻነት በኋላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ኋላም ብሔራዊ ሙዚየም ሆኖ አገለገለ። በነሐሴ 15 ቀን 1995፣ ነጻነት በተገኘ በ50ኛው ዓመት፣ የጉልላቱ ጫፍ በክሬን ተነሣ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሕንፃው ጠፋ። በቦታው የቤተ መንግሥቱ በሮች ተመልሰው ተሠሩ። ኮሪያውያን ግን ቁራጮቹን አልጣሉም፤ የጉልላቱ ጫፍ በነጻነት ሙዚየማቸው ግቢ ከመሬት ዝቅ ብሎ፣ ወደ ታች እየታየ እንዲቀመጥ ተደርጓል። ማፍረስ ካልቀረ እንዲህ ይሁን፤ ለምን እንደፈረሰ የሚናገር ነገር ይትረፍ።

በርሊን ደግሞ ሁለት ጊዜ አፍርሳለች። የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት በጦርነቱ የተጎዳውን የነገሥታት ቤተ መንግሥት በ1950 አፈረሰ። በ1976 በቦታው የሪፐብሊኩን ቤተ መንግሥት ከፈተ፤ ፓርላማ፣ ምግብ ቤት፣ ቦውሊንግ መጫወቻ ጭምር የነበረበት። ከውህደቱ በፊት በ1990 በአስቤስቶስ ምክንያት ተዘጋ፣ ከ2006 እስከ 2008 ፈረሰ። ከዚያ የፊተኛው ቤተ መንግሥት ቅጂ በሦስት ጎኑ ባሮክ፣ በአንዱ ጎኑ ዘመናዊ ሆኖ ከ600 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ፈጅቶ ቆመ፤ ሥራው ሙዚየም ሆነ። የሚገርመው፣ በ1950 ሲፈርስ፣ አብዮተኛው ካርል ሊብክኔኽት በ1918 ሶሻሊስት ሪፐብሊክ አውጆበታል ተብሎ አንድ የመግቢያ በር ከነሰገነቱ ከመፍረስ ተርፎ በአጠገቡ ባለው የመንግሥት ምክር ቤት ሕንፃ ላይ ተገጥሞ ነበር። አሁን የተረፈው በርና ቅጂው ጎረቤታሞች ሆነዋል። የትኛው ነው «እውነተኛው» ቢሉኝ በተሳሳተ ሕንፃ ላይ ያለው እላለሁ።

ዋጋው፣ ጊዜው፣ ወረቀቱ

በጥቅምት 1834 የእንግሊዝ ፓርላማ የተቃጠለው አሮጌ የሒሳብ መቁጠሪያ እንጨቶች በምድጃ ሲነዱ ነው። ለአዲሱ ሕንፃ 97 ንድፎች ተወዳድረው ቻርለስ ባሪ አሸነፈ። በ6 ዓመትና በ725,000 ፓውንድ ገደማ ያልቃል የተባለው ሥራ ከ30 ዓመት በላይ ወስዶ ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ በላ። ለሕንፃው የተመረጠው ድንጋይም ግንባታው ሳያልቅ መሸርሸር ጀመረ። ስለዚህ የሚቀርብልዎትን ግምት ሲያዩ የመጠባበቂያ በጀቱን ፈልጉ፤ ከሌለ ግምቱ የልመና ወረቀት ነው። ከአራቱ መንገዶች በዋጋ እጅግ የሚያስደነግጠው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው፤ በእጅ የሚጠርብ ድንጋይ ጠራቢና የኖራ ሥራ የሚያውቅ ግንበኛ ማግኘት ከገንዘቡም ይከብዳል። በአሮጌ የኖራ ግንብ ላይ ሲሚንቶ እየለሰኑ ማለፍ ርካሽ ይመስላል፤ ሲሚንቶው እርጥበቱን ከውስጥ አፍኖ ድንጋዩን ያፈርሰዋል።

ሰው የሚረሳው ወረቀቱን ነው። የመንግሥት ሕንፃ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከቲያትር ቤት የሚለየው መዝገብ ስለሚያኖር ነው። በፓሪስ እሳት ከ1860 በፊት የነበረው የከተማዋ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ዋናውም ግልባጩም ጠፋ፤ ሁለቱ በተለያየ ሕንፃ ቢቀመጡም ሁለቱም ሕንፃዎች በዚያው ሳምንት ነደዱ። በኋላ በብዙ ድካም ሊተካ የቻለው አንድ ሦስተኛው ገደማ ነው። በደብሊን የፍርድ ቤቶቹ ሕንፃ በ1922 ሲወድም የአየርላንድ ማኅደር አብሮት ወደመ፤ ሕንፃው በ1932 ተመልሶ ተከፈተ፣ ወረቀቱን ግን በሌሎች አገሮች ማኅደሮች ካሉ ግልባጮች በዲጂታል መልክ ለመሰብሰብ እስከ 2022 ተጠበቀ። የሳራዬቮው የቀድሞ ማዘጋጃ ቤት በነሐሴ 1992 ቤተ መጻሕፍት ሆኖ ሳለ ተደብድቦ ተቃጠለ፤ በግንቦት 2014 እንደ ድሮው አምሮ ተከፈተ። መጻሕፍቱ አልተመለሱም። በጀት ሲከፋፈል ከጉልላቱ ማስጌጫ ቀንሳችሁ ለማኅደር መደርደሪያና ለግልባጭ ስጡ የምለው ለዚህ ነው።

እኔ ብጠየቅ

ግድግዳው ከቆመ፣ ፕላኑ ካለ፣ መሥሪያ ቤቱም ሊመለስበት ከሆነ፦ ቅርፊቱን አትርፎ ውስጡን ማደስ፤ ታሪክ የተሠራባቸው አንድ ሁለት አዳራሾች ግን እንደነበሩ ይመለሱ። ሁሉም ከጠፋ፣ ቁራጩና ልኬቱ ግን ከተቀመጠ፣ ሕዝቡም ከኪሱ ሊያዋጣ እስኪደርስ ከፈለገው፦ የዋርሶን መንገድ፣ ያለ ችኮላ። ፎቶ ብቻ ካለና የሚገባበት መሥሪያ ቤት ካልታወቀ፦ ቅጂ አልሠራም፤ የኦታዋን መንገድ እመርጣለሁ። የካናዳ ፓርላማ በየካቲት 1916 ሲነድ የብረት በሯ በጊዜ የተዘጋላት ቤተ መጻሕፍት ተረፈች። አዲሱ ሕንፃ የድሮው ቅጂ ሳይሆን ሰፊ፣ የብረት አጽም ያለው ጎቲክ ሆኖ ከእሷ ጋር ተያይዞ ተሠራ። የተረፈችው ቤተ መጻሕፍት የጥንቱን ትመሰክራለች፣ ሕንፃው ሥራውን ይሠራል።

ሕዝቡ ለሁለት ከተከፈለ ደግሞ አለመወሰንም ምርጫ ነው፤ ግን ጊዜያዊ ጣሪያ ማልበስ፣ ግድግዳውን መደገፍ፣ የወደቀውን ድንጋይ ቁጥር እየሰጡ በመጋዘን ማስቀመጥ፣ ሁሉንም መለካት፣ ለዚህም በስሙ የሚጠየቅ መሥሪያ ቤት መመደብ ግድ ነው። ቱይለሪን ያጠፋው ክርክሩ መርዘሙ አይመስለኝም፤ በክርክሩ ዘመን ግድግዳውን የሚጠብቅ አለመኖሩ ነው።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ አንድ ነገር ከሥዕሉ ላይ ፈልጉ፦ የእሳት መከላከያው። የጥንቱ የሪዩክዩ መንግሥት መቀመጫ የነበረው፣ በጃፓኗ ኦኪናዋ ደሴት ያለው ሹሪ ግንብ በ1945 ጦርነት ወድሞ በ1992 በእንጨት እንደ ጥንቱ ተሠርቶ ነበር። በጥቅምት 31 ቀን 2019 ሌሊት ዋናው አዳራሽ እንደገና ነደደ። በውስጡ በራሱ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ እንደገና ሲሠራ መሣሪያው በፕላኑ ገብቷል።